ዲስክ ላይ ሳያሰፍር «ተመዝግቧል» የሚል ኮምፒውተር

ማኅደረማርያም በሯን ቆልፋ ጥቂት ሄድ ካለች በኋላ ተመልሳ ገፋ ሳታደርገው ሥራ አትገባም። ባሏ «እወድሻለሁ» ሲላት «በምን አውቃለሁ?» ብላዋለች ይባላል፤ ያወራችው ጎረቤቷ ናት፣ ግድግዳው ደግሞ ስስ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት፤ የሕሙማኑን መረጃ የምትጠብቀው እሷ ነች።

ክረምት ሲገባ የክሊኒኩ ጥበቃ ጋሽ ወልደኪዳን ነጎድጓድ ከሰሙ ሮጠው ቆጣሪውን ያጠፋሉ። መብረቅ የጎረቤታቸውን ቴሌቪዥን ሲያቃጥለው በዓይናቸው አይተዋል፤ እሳቸውን «ይተዉ» የሚል ደፋር የለም። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን የሚያቆየው ባትሪ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል።

አንድ ቀን ወይዘሮ አልታየች ከአንኮበር ለሕክምና መጡ። የካርድ ክፍሏ ፍቅርተማርያም «ፔኒሲሊን አይስማማቸውም» ብላ ጻፈች፤ ስክሪኑም «ተመዝግቧል» አለ። ወዲያው ሰማዩ አጉረመረመ፣ ጋሽ ወልደኪዳን ቆጣሪውን ድርግም አደረጉት። መብራቱ ሲመለስ የተጻፈው የለም። ነርሱ የፔኒሲሊን መርፌ ይዞ ሲጠጋ ወይዘሮዋ፣

«ኧረ በስመ አብ! አይስማማኝም ያልኩት ገና አሁን አይደለም እንዴ? ልትገድሉኝ ነው?» ብለው ጮኹና ተረፉ።

ማኅደረማርያም ነገሩን ፈልጋ ደረሰችበት። ፕሮግራሙ እንዲፈጥን ተብሎ፣ የተጻፈውን በጊዜያዊ ማስታወሻው ብቻ እንደያዘ «ተመዝግቧል» ይል ነበር። መብራት ሲጠፋ እዚያ ያለው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። እሷም እያንዳንዱን ጽሑፍ መብራት ቢጠፋም በማይረሳው ዲስክ ላይ ማስፈሩን ሳያረጋግጥ ያቺን ቃል እንዳይተነፍስ አስገደደችው።

ዲስኩ ግን አሮጌ ነውና ሥራው ተንቀረፈፈ። ሰልፉ በር አልፎ ወጣ። በምሳ ሰዓት የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ኃይለኢየሱስ መጡ።

«ጠዋት ትኩሳት የያዘው ሕፃን ካርድ ሲጠብቅ በር ላይ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ወደ ድሮው መልሺው!»

«እሺ ዶክተር፣ በድሮው የርስዎን ካርድ ላውጣ። መብራት ጠፍቶ ከተረፈ አሁኑኑ እመልሰዋለሁ።»

ስማቸውን ጻፈች፤ በቅጽበት «ተመዝግቧል» አለ።

«ጋሼ፣ ያጥፉት!» ብላ ወደ ጥበቃው ተጣራች።

«ሰማዩ እንዲህ ጥርት ብሎ? ጤና የለሽም?»

«ዶክተሩ ናቸው ያዘዙት።»

አጠፉት። ሲበራ ዶክተር ኃይለኢየሱስ የሚባል ታካሚ የለም። በአዲሱ ደገሙት፤ እየተጎተተ «ተመዝግቧል» አለ፣ መብራቱ ጠፍቶ ሲመለስም ስማቸው ቁጭ ብሎ ጠበቃቸው። ፍቅርተማርያም ሳቋን ዋጥ አደረገች።

ዶክተሩ ግን አልሳቁም። «የአልታየችም ነገር እውነት ነው፣ የሕፃኑም እውነት ነው» አሉ። «እንዳለ ይቆይ። ሕመም የበረታበት ግን ቀድሞ ይግባ፣ ካርዱ ይከተለው።»

ማኅደረማርያም መረጃው እንዳይጠፋ ስትጨነቅ፣ በር ላይ የቆመውን አላሰበችውም ነበር።

ከምሳ በኋላ የባሰባቸውን ለይታ አስገባችና የካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ራሷ ተቀመጠች። አንድ አዛውንት አንገታቸውን አስገቡ።

«ልጄ፣ ዕቃሽን እንቅልፍ ወሰደው እንዴ?»

«አይ አባቴ፣ እየጻፈ ነው።»

«በላባ ነው የሚጽፈው?»

ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ፤ እሷም ሳቀች። ስክሪኑ ቃሉን እስኪናገር ድረስ ግን «ጨርሰዋል» አላለቻቸውም።