ዴቃና ግመለኛው

ዴቃ መርፌ ስትይዝ እጇ ይንቀጠቀጣል። ሶማሌላንድ ውስጥ ቡርኦ ከተማ ባለው የነርሶች ትምህርት ቤት ይህን የማያውቅ የለም፤ እርስ በርስ ደም መቅዳት ሲለማመዱ ተማሪው ሁሉ እሷን ሲያይ እጅጌውን ወደ ታች ይጎትታል። ሰነፍ ሆና አይደለም፤ የሰው ሕመም ከባለቤቱ ቀድሞ እሷን ስለሚያማት ነው። አንዴ በፈተና ወድቃለች። ሐሙስ ደግማ ከወደቀች ሻንጣዋን አንጠልጥላ ወደ ገጠር፣ ወደ አባቷ በጎች መመለሷ ነው።

ክንዷን ያልሸሸገች ጓደኛዋ ኡባህ ብቻ ነበረች። ስድስት ጊዜ ተወግታ ክንዷ በልዞ እንኳ ትስቃለች።

«ውጊ እንጂ! የተወጋሁት እኔ፣ የምታለቅሺው አንቺ! ምን ጉድ ነው?»

እንዲህ ያለች ጓደኛ በሻማ ብትፈለግም አትገኝም።

ሐሙስ ጠዋት፣ ፈተናው በሚሰጥበት የሆስፒታል ክፍል፣ ለዴቃ የደረሷት ሁሉም «አዴር» ማለትም «አጎቴ» እያለ የሚያከብራቸው ሮብሌ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ግመል ሲነዱ የኖሩ፣ በዚያ ሳምንት ብቻ ሦስት ነርስ ያባረሩ ሽማግሌ። ፈታኟ መምህርት ሆዳን አጠገባቸው ቆማ ሰዓቷን ታያለች።

«ይቺማ እጇ ይንቀጠቀጣል! አልሰጥም!» አሉና ክንዳቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡ።

«እውነትዎን ነው አዴር» አለች ዴቃ። «እንዳላሳምምዎ ፈርቼ ነው።»

እንዲህ የሚል ነርስ ገጥሟቸው አያውቅም። ትክ ብለው አዩዋት።

«አባትሽ ምን ያረባል?»

«በግ።»

«በጉን እሾህ ሲወጋው ማን ይነቅልለታል?»

«እኔ ነኛ!»

«ያኔም ትንቀጠቀጫለሽ?»

«ኧረ! እየዘፈንኩለት ነው የምነቅለው።»

«እንግዲያ ዝፈኚ!» አሉና ክንዳቸውን ዘረጉላት።

ዴቃ አፍራ፣ ቀስ ብላ የበጎቹን ዘፈን ጀመረች። እጇም ረጋላት። ክንዳቸውን አሰረች፣ ደም ሥራቸውን ዳበሰች። ገና ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሽማግሌው ቱግ አሉ።

«ምን? ለእኔ የበግ ዘፈን? ግመለኛ ነኝ እኮ! ደፋር! የግመሉን ልንገርሽ፣ ስሚ!»

ደረታቸውን ነፍተው፣ ጉድጓድ ላይ ግመል የሚያጠጡበትን ዘፈን አንቆረቆሩት። በየአልጋው ያሉት ሽማግሎች እያጨበጨቡ ተቀበሏቸው።

«በይ አሁን ውጊ» አሉ ሲጨርሱ፣ ላባቸውን እየጠረጉ።

«ቀድቼ ጨርሻለሁ፣ አዴር።»

ብልቃጡ ሞልቷል። መምህርት ሆዳን ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዙራ «አልፈሻል» አለች። በር ላይ ጆሮዋን ተክላ የቆየችው ኡባህ እልልታዋን አቀለጠችው። ዴቃ ደስታው እንባ ሆኖ ዓይኗን ሞላው፤ ግን ለማልቀስም ጊዜ አላገኘችም። ከጥጉ አልጋ አንድ ድምፅ ተጣራ፦

«እኔስ? እኔ እንኳ ፍየለኛ ነኝ፤ የበጉ ይበቃኛል። እሷው ትውጋኝ!»