ከባዳ ሥር የተቆፈረው ጉብታ

ጎረቤቴ ቀነዓ አዳማ ውስጥ የገልባጭ መኪና ሾፌር ነው። አሸዋ በሉት ገረገንቲ፣ ያልጫነው ነገር የለም። የተወለደው ግን ከአሰላ በላይ፣ ባዳ ተራራ ሥር ነው። እናቱ አደ ጉዲቱ ዛሬም እዚያው ይኖራሉ።

አንድ የመንገድ ኮንትራክተር ድንጋይ አጥቶ ሲንከራተት፣ ከእናቱ መንደር በላይ ያለውን ረጅም ጉብታ ያሳየው ራሱ ቀነዓ ነው። ድማሚት እንኳ አላስፈለገም፤ ሎደሩ ነካ ሲያደርገው ይናዳል። ሦስት ወር ቆፍረው ሄዱ። ከዚያ ከጉብታው ማዶ ያለው ኩሬ፣ መንደሩ ከነከብቱ የሚጠጣው፣ እየጎደለ ሄዶ ጥር ላይ ደረቀ። ማንም ከቁፋሮው ጋር አላያያዘውም። ቀነዓ ብቻ በቆፈሩበት በኩል ውሃ ወደ ገደል ሲሰርግ አይቶ ነበር፤ እንቅልፍ ቢያጣ እኔ ዘንድ መጣ።

የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝና እውነቱን ነገርኩት። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ባዳ አናቱ ላይ ግግር በረዶ ተሸክሞ ነበር። በረዶው ቀስ እያለ ሲንሸራተት ሸለቆውን ፈልፍሎ አሰፋው፤ የፈጨውን ድንጋይና ጭቃ እየገፋ አምጥቶ እዚያ ከመረው። ሲቀልጥ ውሃው ከክምሩ ኋላ ተኛ፤ የተረፈው ደለል ወርዶ ታች ያለውን ሜዳ ደለደለ።

«ያ ጉብታ ግድብ ነበር» አልኩት።

ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም አላለኝም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። የግግር በረዶን ምዕራፍ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የአውሮፓን ተራሮች ምሳሌ እያደረግኩ ሳስተምር፣ ባዳን አንድ ቀን አንስቼ አላውቅም። አፈርኩ።

ቀነዓ ለእናቱ ሊናገር ቆረጠ፤ ብቻውን ስለፈራ አብሬው ሄድኩ። ስንደርስ መንደሩ ሜዳው ላይ ተሰብስቧል። ሽማግሌዎቹ ውሃው የሸሸው ፈጣሪ እርስ በርስ በመጣላታችን ቢቆጣ ነው ብለው፣ የተኳረፈውን ሁሉ ያስታርቃሉ። አደ ጉዲቱ ከጎረቤታቸው ከአደ ቡዜ ጋር በድንበር ከተጣሉ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። እኝያ ኩሩ ሴት ተንበርክከው፣ ኩሬውን ያደረቀው የእኔ ቂም ነው እያሉ የቡዜን እግር ይዘዋል።

ቀነዓ አላስቻለውም።

«አዮ፣ ተነሺ። ያንቺ ቂም አይደለም። ጉብታውን አሳይቼ ያስቆፈርኩት እኔ ነኝ።»

አደ ጉዲቱ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩት። ሊነሱ መሬት የተደገፉበትን እጅ መለሱና የቡዜን እግር እንደገና ያዙ።

«እንግዲያው እሱንም ማሪልኝ» አሉ።