ከልጄ አፍ እየቀደምኩ

ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እህል በረንዳ ውስጥ ከባለቤቴ ጋር ጥራጥሬ የምንሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረችን። እሱ ጭነት ሲቀበል ይውላል፤ ሱቁን የያዝኩት እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት ብዙ አልተቀመጥኩም፤ ፊደል የለየሁት ጆንያ ላይ ከተጻፈው ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። አንድ ችሎታ ግን ነበረኝ። ደንበኛ አፉን ሳይከፍት የሚፈልገውን አውቅ ነበር። አንዷ ከደጅ ሆና ዓይኗን ወደ ምስሩ ጣል ካደረገች፣ እኔ ጣሳዬን ምስሩ ውስጥ ከትቻለሁ። ለቤቱ የሚገዛው እንዴት እንደሚቆም፣ ለድግስ የሚገዛው እንዴት እንደሚቆም ለይቼ አውቃለሁ። «አንቺ እኮ ሰው አታናግሪም፣ ታነቢዋለሽ» ይሉኝ ነበር። በዚህ እኮራ ነበር።

ልጄ ያኔ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ቤት ሆኖ የሚይዝልኝ ሰው ስላልነበረ ከእኔ ጋር ሱቅ ትውላለች። ከሚዛኑ ኋላ ባዶ ጆንያ አነጥፍላትና እዚያ ቁጭ ትላለች። አትረብሽም፣ አታለቅስም። አታወራምም። «ማማ» ትላለች፣ «እምቢ» ትላለች፣ ሌላው ሁሉ በጣት ነው። ወደ ጀሪካኑ ስትጠቁም ውሃ፣ ወደ ቦርሳዬ ስትጠቁም ዳቦ። ብዙ ጊዜ ጣቷን እስክታነሳም አልጠብቅም ነበር።

ማንም አልደነገጠም። ደንበኞቼ እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት እያሉ ራሷን ይዳብሱልኛል፣ እኔም ጨዋነት መስሎኝ ደስ ይለኛል። የጎረቤት ባለሱቅ ነገሩን ካነሳብኝ፣ ቤት ጉራጊኛ ሱቅ አማርኛ ስለምትሰማ ተምታቶባት ነው እል ነበር። የሰፈሩ ልጆች ፊቴ በሁለቱም ቋንቋ ሲንጫጩ እየዋሉ ይህን እል ነበር።

የእናቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ፣ ጎጃም በረንዳ አካባቢ ነው የምትኖረው። የምትተዳደረው የተቀደደ ጆንያ እየሰፋች ነው። በሳምንት ሁለት ቀን የእኛን ልትሰፋ ትመጣለች፤ ሲባጎዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከልጄ አጠገብ ትቀመጣለች። አግብታ ፈታለች፤ ልጅ አልወለደችም።

አንድ ጠዋት ልጄ ወደ ጀሪካኑ ጠቆመች። እኔ ልነሳ ስል አክስቴ ቀደመችኝና ጫማዋን አውልቃ፣ እንደ ክቡር ዕቃ በሁለት እጇ ሰጠቻት። ልጄ ጫማውን አየች፣ አክስቴን አየች፣ እንደገና ጠቆመች። አክስቴ አሁን ገባኝ ብላ መጥረጊያውን አቀበለቻት። ልጄ ሆዷን ይዛ ሳቀች። በሦስተኛው ባዶ ጣሳ ሲመጣላት «እምቢ፣ ውሃ!» አለች። አክስቴም ውሃ ከሆነ ታዲያ ምነው እስካሁን ዝም አልሽኝ ብላ ቀዳችላት፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ስትመጣ ሁሉ ጨዋታ ነው። ዓይኗን ጨፍና እጇን ዘርግታ፣ ልጄ የምታስቀምጥላትን እህል በዳሰሳ ትገምታለች፤ ሁልጊዜም ትሳሳታለች። ባቄላውን ጤፍ ነው ትላለች። ልጄ በዚህ ድንቁርና ትበሳጭና ታርማታለች። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ አለች። እኔን ግን አክስቴ አንድ ነገር ብቻ ነው የለመነችኝ፤ አንቺ ዝም በይ፣ እስክትልሽ ጠብቂያት አለችኝ። ለእኔ የዚህን ያህል ከባድ ነገር አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ሰው አፉን ሳይከፍት እያቀበልኩ የምውል ሴት፣ የገዛ ልጄ ፊት እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?

አንድ ቀን ሱቁ በሰው ተጨናንቆ ነበር። ብዙ የሚገዙን አንድ ሽማግሌ ቆመዋል፣ ከኋላቸው ሌሎች ተሰልፈዋል። ልጄን ሙቀቱም ድካሙም ይዟታል። ወደ ጀሪካኑ ጠቆመች፤ አክስቴ ጫማዋን ሰጠቻት። የዚያን ቀን አላሳቃትም። ማልቀስ ጀመረች፤ አክስቴ ንገሪኝ እያለች ጠበቀች፤ ልጄ በእግሯ ስትራገጥ ጣሳ ሙሉ ምስር አተሩ ላይ ተገለበጠ። ሽማግሌው ምነው ይህችን ሕፃን በውሃ ጥም ታቃጥሏታላችሁ አሉ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ውሃውን ቀድቼ ለልጄ ሰጠሁና ለአክስቴ፣

«ልጅ መጫወቻ አይደለም» አልኳት። «ወልደሽ ብታውቂ ኖሮ ይገባሽ ነበር።»

አክስቴ በእጇ የነበረውን ጆንያ እስከ ጫፉ ሰፋችው። ቋጠረችው፣ ሲባጎውን በጥርሷ በጠሰችው፣ መርፌዋን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ሰካች፣ ጫማዋን አደረገች፣ ወጣች። የሽማግሌውን እህል መዝኜ ስጨርስ እከተላታለሁ ብዬ ነበር። መዝኜ ጨረስኩ፤ አልተከተልኳትም። በሳምንቱ ጆንያችንን የሚሰፋ ሌላ ሰው ላከችልን።

ልጄ የያዘቻቸው ቃላት ባይጠፏትም ሌላ አልጨመረችም። እኔም ዝም እንድትልልኝ ስልኬን ሰጠኋት። ስልኩ እንደ እኔ ነበር፤ ጣት ብቻ ይበቃዋል። እንዲህ ሆነን ከአንድ ዓመት በላይ ከረምን።

ለመዋዕለ ሕፃናት ላስመዘግባት የወሰድኳት ቀን ወጣቷ መምህርት ልጄ ፊት ቁጢጥ ብላ ስሟን ጠየቀቻት። እኔ መለስኩ። ዕድሜዋን ጠየቀቻት። አሁንም እኔ መለስኩ። መምህርቷ በትሕትና፣ እናት፣ እርስዎ ይቆዩ፣ እሷ ትንገረኝ አለችኝ። ልጄም ዞር ብላ አፌን አየች። የገዛ ስሟን ከእኔ አፍ ትጠብቅ ነበር። ያ አስተያየት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

መምህርቷ ወደ ክሊኒክ ላከችን። ጆሮዋ ደህና ነው ተባለ። ባለሙያዋ አስቀምጣ መከረችኝ፤ አትቅደሚያት፣ ያልጠየቀችውን ስጪያትና እስክታርምሽ ጠብቂ፣ ያልገባሽ ምሰይ፣ ጨዋታ አድርጊው፣ ከደከማት ግን ተይው። እሷ ስትናገር እኔ የሚታየኝ የአክስቴ ጫማ ነበር። አክስቴ ከዚህ ሁሉ የሳተችው የመጨረሻውን ብቻ ነው፤ እሱንም አንድ ቀን።

ማታውኑ አገር ቤት ላለችው እናቴ ደወልኩና ነገርኳት። እሷም፣ «አንቺስ አራት ዓመት እስኪሞላሽ መች አፍሽን ፈታሽ?» አለችኝ። «አፍሽን ያስፈታችሽ አክስትሽ ናት። ያኔ ገና ልጅ ነበረች። ወተት ስትጠቁሚ ድንች ትሰጥሽ ነበር።»

ይህን አላውቅም ነበር። ወሬዬን የሚሰማ ሰው የማላጣ ሴት፣ ምላሴ ከየት እንደመጣ አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ስኳር ይዤ ሄድኩ። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ትሰፋለች። መንገዱን ሙሉ የምለውን ሳሰናዳ መጥቼ ነበር፤ ፊቷ ስቆም ሁሉም ጠፋኝ። ስኳሩን ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም። ሌላ ሰው ቢሆን ግዴለም፣ ግቢ ይለኝ ነበር፤ እሷ ግን መርፌዋን ይዛ ቀና ብላ አየችኝና ጠበቀችኝ።

«እትዬ» አልኳት፣ «የማይባል ነገር ተናግሬሻለሁ። ይቅር በይኝ።»

ያኔ ስኳሩን ተቀበለችኝ። «ልጅቷ ሲጠማት ምን ትላለች?» አለችኝ።

«ትጠቁማለች።»

ልጄ አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ታወራለች፣ ታነባለች። እንግዳ ሰው ሲጠይቃት ግን ዛሬም መጀመሪያ አፌን ታያለች፤ እኔም አፌን ገጥሜ ወደ ሌላ እዞራለሁ። በዚያ በጠፋው ዓመት ስንት ነገር ልትነግረኝ ትችል እንደነበር ማን ያውቃል። እንዳትናገር የቀደምኳት እኔው ነኝ።

አክስቴ ያኔ፣ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ባለው ሰኞ ጠዋት፣ ሲባጎዋን ይዛ ሱቃችን መጣች። ከልጄ አጠገብ ተቀመጠች። ልጄ ወደ ጀሪካኑ ጠቆመች። አክስቴ ጫማዋን አውልቃ ሰጠቻት።