ምሳ ለአንድ ሰው

ምግብ ሳደርስ ስለ ደንበኛ የተማርኩትን ብጽፍ ሰው ይቀየመኛል። ይቀየም። ሶዶ ውስጥ በሞተር ምግብ የሚያደርስ የሰው ፊት አያይም፤ የሚያየው በበር ስንጥቅ የወጣ እጅ ነው። ዝናብ ሲቀጠቅጠኝ በመስኮት እያየ ቆይቶ ፌስታሉ ለምን ረጠበ ብሎ የሚቆጣ አለ። የመሥሪያ ቤት ሰዎች ሲደውሉ ሊሞቱ ነው፤ ስደርስ ስብሰባ ላይ ናቸው። ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካወጣሁ በኋላ ነውና ንቀት ቶሎ ይገባኛል።

ከሁሉም የከፋብኝ ደንበኛ ግን ጨዋ ሰው ነበር። ሥራው አዲስ አበባ ነው። እናቱን ተበላ ከሚባል አገር ገጠር አምጥቶ ከተማችን ዳር በሠራው ግንብ ቤት አስቀመጣቸው። የቤት ሠራተኛዋ ጥላቸው ስትሄድ ከእኛ ምግብ ቤት በየቀኑ ምሳ ያዝዝላቸው ጀመር። እየከሱ ነው ብሎ ስለሰጋ፣ ሲበሉ ፎቶ እያነሳን እንድንልክለት ለመነን። እውነቱን ነው፣ ከስተው ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ሥጋና ቆጮ ከዳጣ ጋር አቀረብኩላቸው። ውሃ ይዘው እጄን ሊያስታጥቡኝ ቆሙ። እኔ አልበላም፣ የእርስዎ ነው አልኳቸው በወላይትኛ። ሳህኑን ገፉት።

«ምን ሰርቄ ነው ብቻዬን የምበላው?»

እኛ ዘንድ እንዲህ ነው፤ ሰው ቤት ውስጥ እያለ ብቻውን የሚጎርስ አይከበርም። ልጃቸው ይህን ረስቶታል። የምግብ ቤቱ ባለቤት ደግሞ የደንበኛ ምግብ የነካ ይባረራል ብላናለች። ምን ላድርግ? ታጠብኩና ተቀመጥኩ። እኔ ጥቂት እቀምሳለሁ፣ እሳቸው ስለ ላማቸው እያወሩ ይበላሉ። እንዲህ ሰነበትን። ጉንጫቸው ሞላ።

አንድ ቀን ፎቶው ውስጥ እጄ ገባ። ልጁ ደወለልኝ።

«ይሄ እጅ የማን ነው?»

የኔ ነው፣ ብቻቸውን እኮ አይበሉም አልኩት።

«እኔ ያዘዝኩት ምግብ ነው ወንድሜ። ሰው አላዘዝኩም።»

ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ለምግብ ቤቱ ባለቤትም ነገራት። እሷ አላባረረችኝም፤ ከዚያ ቤት አንስታ ወደ ኦቶና ሆስፒታል በኩል መደበችኝ። በኔ ቦታ የተላከው ባልደረባዬ ብልህ ነው፤ ሳህኑን ፊታቸው ያስቀምጣል፣ ፎቶ ያነሳቸዋል፣ ይወጣል። ፎቶው ላይ የሚበሉ ይመስላሉ። ደንበኛው አመሰገነ አሉ።

በእረፍቴ ቀን ሄጄ አየኋቸው። የዕለቱ ምሳ ጠረጴዛው ላይ ቀዝቅዟል፣ ቅቤው ረግቷል። ፊታቸው እንደገና አጥንት ሆኗል። ለምን አይበሉም ብዬ ተቆጣሁ፤ እናቴ የሆኑ ይመስል። እሳቸው ግን ሲያዩኝ ደስ ብሏቸው ውሃውን ይዘው መጡ። ተቀመጥን። ጥሩ አድርገው ይጎርሱ ነበር። መሃል ላይ፣ ነገም ትመጣለህ አይደል አሉኝ።

መዋሸት እችል ነበር። ደንበኞቼ ሁሉ «በር ላይ ነኝ» እያሉ ሲዋሹኝ ይውላሉ።

«ነገ ሥራ ነው፣ እማማ» አልኳቸው።

እጃቸውን ከሳህኑ አወጡ። የቀረውን ወደ እኔ ገፉልኝ።