ከቅንፍ ውጭ

አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ነርስ አጠገብ የተቀመጠው መምህር ኮቱ ጠመኔ በጠመኔ ሆኗል፤ የሸሚዙ ኮሌታም ካውያ ካየ ሰንብቷል። ጉልበቱ ላይ የሂሳብ ፈተና ወረቀት ቆልሎ በቀይ እስክሪብቶ ያርማል። ፈርዶባት ዓይኗ ወረቀቱ ላይ አረፈ፤ እሱም ማስተማር አማረው።

«ስድስት ሀለ ሲደመር ዘጠኝ ሀመ። ትልቁ የጋራ አካፋያቸው ሦስት ሀ ነው። እሱን ከቅንፍ ታወጪውና ሁለት ለ እና ሦስት መ ውስጥ ይቀራሉ። በቃ፣ ተገላገልሽ!»

ስልኩ ጠራ። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ አውቶቡስ ውስጥ ደግሞ ዝቅ ያለ ድምፅ ይበልጥ ይሰማል።

«ልጅቷማ እናቴ ጋ ትሁን ብያለሁ። የሁለታችንም ስለሆነች እኮ ነው! እኔና አንቺ ጉዳያችንን እስክንጨርስ መሃላችን ምን ትሠራለች? … እሁድ ልጠይቃት ነበር፤ አልተመቸኝም።»

ዘግቶ ወደ እርማቱ ተመለሰ። ቀጣዩ ተማሪ ሦስት ሀን በትክክል አውጥቷል፤ መልሱ ላይ ግን ቅንፉን ብቻ ጽፏል።

«አየሽልኝ የዘንድሮን ልጅ?» አላት መምህሩ ራሱን እየነቀነቀ። ከዚያም ወረቀቱ ሊቀደድ እስኪደርስ እስክሪብቶውን ተጭኖ ጻፈ፦ «ያወጣኸውን የት ጣልከው?»