የሒሳብ መምህር የሌለው ክፍል

ሞጣ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሒሳብ ካስተማርኩ በኋላ፣ አንድ ክረምት ጠመኔውን ጥዬ ቢቸና ሄድኩና የጤፍ መጋዘን ከፈትኩ። የፈረደብኝ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ባልደረቦቼ ቀኑብኝ። የመምህር ደመወዝ የወሩን መጨረሻ እንደማያይ ለሚያውቅ ሰው ምክንያት መዘርዘር አያስፈልግም። ልጄ ጎበዝ ተማሪ ስለነበረች ትምህርት ቤት እንዳትቀይር ብለን እሷና እናቷ ሞጣ ቀሩ። እኔ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ በግንደወይን በኩል እመጣለሁ፤ ሰኞ ማለዳ እመለሳለሁ።

ልጄ ፋርማሲ መማር ትፈልግ ነበር። ገና ሕፃን ሳለች የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን ቀጭን ወረቀት ዘርግታ መስመር በመስመር ታነብ ነበር፤ ያልገባትን ትጠይቃለች፤ እኔም ስለማላውቀው እቆጣለሁ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ላይ ሒሳብ ከጣላት ይህ ሁሉ ከንቱ እንደሚሆን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ንግዱ ቀናኝ። አንዱ መጋዘን ሁለት ሆነ። ማኛውን ከሰርገኛው ለይቶ የሚቀበል፣ ከአዲስ አበባ ገዢዎች ጋር በስልክ የሚነጋገር፣ በሚዛን ገበሬውን የማይሰርቅ ሰው አስፈለገኝ። እንዲህ ያለ ሰው አውቅ ነበር፤ እኔ ስለቅ በቦታዬ የተቀጠረው ወጣት የሒሳብ መምህር። ስጠይቀው ያሰበበት አንድ ቀን ብቻ ነው። ለራሴ ያልኩትን አስታውሳለሁ፦ «እኔ ስሄድ እሱ ተተካ፤ እሱ ሲሄድ ሌላ ይተካል።» የልጄ ክፍል መምህር መሆኑን አላጣሁትም። ግን የሰው ነገር፣ የሚፈልገውን ሲያገኝ የማይመቸውን ማሰብ ይተዋል።

በዚያው ዓመት ከተማው ውስጥ ስብሰባ ተጠርቶ ለልማት አስተዋጽኦ አድርገዋል ለተባልን ነጋዴዎች የምስክር ወረቀት ተሰጠን። እንድናገር ተጋበዝኩ። ለወጣቶች የሥራ ዕድል ፈጥሬያለሁ፣ ሀገር የምታድገው በዚህ ነው፣ ትምህርቱም ጤናውም ከኋላ ቀስ ብሎ ይደርሳል አልኩ። ተጨበጨበልኝ፤ ደስም አለኝ። ያንን ንግግር ዛሬ ሳስታውሰው ራሴን በጥፊ ልመታው ያምረኛል።

የካቲት ላይ አንድ ቅዳሜ ሞጣ ገብቼ ልጄን «እስቲ የሒሳብ ደብተርሽን አምጪ» አልኳት። አመጣች። ከመጽሐፍ የተገለበጠ ሁለት ገጽ አለ፤ ሌላው ባዶ ነው። ጮህኩባት። ስልክ ነው፣ ስንፍና ነው፣ ጓደኛ ነው አልኩ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«አባዬ፣ አስተማሪ የለንም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ። ይመጣል ይመጣል ይሉናል።»

«ታዲያ አስተማሪያችሁ የት ሄዶ ነው?» ብዬ ሳልጨርስ ገባኝ።

«አንተ ጋ ነዋ» አለች።

ለምን እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት «ታባርረዋለህ ብዬ ነው። እናቱን የሚጦረው እሱ ነው» አለችኝ። እኔ ጫማዬን መልሼ አጥልቄ ርእሰ መምህሩ ቤት ልሄድ ስነሳ፣ ሚስቴ ከበሩ ላይ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች። እሷም ተናድዳብኝ ነበር፤ እውነቷን ነው።

ሰኞ መምህር የነበረውን ልጅ መጋዘን ውስጥ ለብቻው ጠርቼ ወደ ትምህርት ቤቱ እንዲመለስ ለመንኩት። አላንገራገረም፤ አልተቆጣምም። «ጋሼ፣ ልክ ነዎት» አለኝ። «ግን እርስዎስ ይመለሳሉ?» እሱም እኔም መጋዘኑ ውስጥ ቀረን።

ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ቅዳሜና እሑድ ሞጣ እየሄድኩ በነፃ አስተምር ጀመር። ክፍሉ አዲስ ነው፤ ግድግዳው ገና ቀለም ቀለም ይሸታል። መንገዱ አስፋልት ሆኗል፤ ባንኮቹ ፎቅ ላይ ወጥተዋል፤ ሰሌዳው ፊት የሚቆም ሰው ግን የለም። ራስ ሳይጠና ጉተና ማለት ይኸው ነው። የመጀመሪያው ቀን አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ጥያቄ ጻፍኩ፤ ዝም አሉ። የአሥረኛውን ጻፍኩ፤ ዝም አሉ። ክፍልፋይ መደመር ላይ ስደርስ ከኋላ አንድ እጅ ተነሳ። ተናድጄ ጠመኔውን ወረወርኩት። ምን በወጣቸው! ከታች ክፍል ጀምሮ መምህር ሲለዋወጥባቸው፣ አንዱ መምህር ለሦስት ክፍል ሲራወጥ ነው እዚህ የደረሱት። ይቅርታ ጠየቅኳቸውና ከክፍልፋይ ጀመርኩ። እየሮጥኩ አስተማርኩ፤ ጊዜው ግን አልበቃም። እንደማይበቃ ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ አውቄዋለሁ፤ ለልጄ ግን «ትደርሺበታለሽ» እያልኩ ዋሸኋት።

ልጆቹ በአውቶቡስ ተጭነው ዩኒቨርሲቲ ሄደው ተፈተኑ። ውጤቱ ሲመጣ ከክፍላቸው ያለፈ አንድም አልነበረም። የእሷ ነጥብ ለአቅም ማሻሻያው፣ ለሪሚዲያሉ እንኳ አልደረሰም። ሌላው ትምህርት ጥሩ ነበር፤ የጣላት ሒሳብ ነው። አላለቀሰችም፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ ጓሮ ሄጄ። ከሳምንት በኋላ «ቢቸና ልምጣና ልሥራ» አለችኝ። ድገሚ ልላት ፈለግኩ። ማን ያስተምረኛል ብትለኝ ምን ልመልስ? ይዣት መጣሁ።

አሁን ሚዛኑ ላይ ትሠራለች። ፈጣን ናት፤ አትሳሳትም፤ ገበሬዎቹ ወረፋ ጠብቀውም ቢሆን እሷ ጋ ማስመዘን ይመርጣሉ። ባለፈው ሰሞን ምሳ ሰዓት ላይ አስተማሪዋ የነበረው ልጅ ጆንያ ላይ ተቀምጦ «በየቀኑ አንድ አንድ ሰዓት ላስተምርሽና ድጋሚ ተፈተኚ፤ ታልፊያለሽ» ሲላት ከውጭ ሰማሁ። ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ ልገባ ስል ድምጿን ሰማሁት።

«የክፍሌ ልጆችስ?» አለችው።

በሩ ላይ መቆሜን ሲያዩ ሁለቱም ወደ እኔ ዞረው ጠበቁ። መኪናው ደርሷል፣ ጭነት እንጀምር አልኳቸው።