«ቀዝቃዛ ባሕር አይደፍርም»

መምህር ገሠሠ በሚዛን ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ባሕር በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ትልቁ ያዩት ውሃ ባሮ ነው፤ እሱንም ከድልድዩ ላይ፣ የተሳፈሩበት መኪና ጎማ እስኪቀየርለት ድረስ ብቻ። ይህ ግን ስለ ውቅያኖስ ከመናገር አላገዳቸውም። ሞገዱን በጠመኔ ሲስሉት የፊት ወንበር ተማሪዎች ደብተራቸው እንዳይረጥብ ይሰበስቡ ነበር እየተባለ ይቀለድባቸዋል።

ከነዚያ ተማሪዎች አንዱ ሕዝቅያስ ነገሩን የምር ወሰደው። የጎረቤታቸው የወይዘሮ የምሥራች አንድያ ልጅ ነው። ባሏ ከሞተ በኋላ በአማን ገበያ ጎደሬ የሚሉትን ሥራ ሥር እየሸጠች አስተማረችው፤ እሱም የመርከብ መካኒክ ሆኖ ባሕር ላይ ቀረ። ገሠሠ በዚህ ይኮራሉ፤ ትንሽም ይፈራሉ። ልጁን ወደዚያ ውሃ የላክሁት እኔ ነኝ ብለው ያስባሉና።

መስከረም ላይ፣ የሕዝቅያስ መርከብ ለጥገና በካናዳ ምሥራቃዊ ጠረፍ ቆማ ሳለ፣ ሀሪኬን የሚሉት አውሎ ነፋስ ከደቡብ ወደዚያ እያቀና መሆኑ በቴሌቪዥን ተነገረ። የምሥራች ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል መጣች። የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያኗ ሴቶች አብረዋት የሦስት ቀን ጾም ጸሎት ሊይዙ ተነጋግረዋል፤ እሷ ደግሞ ስኳር አለባት፣ ጾም አይሆንላትም።

«ጋሼ፣ እውነት እዚያም ይደርሳል?» አለቻቸው።

«ቀዝቃዛ ባሕር አይደፍርም» አሉ ገሠሠ። «ሀሪኬን የተጣደ ድስት በይው፤ እሳቱ የሞቀ ባሕር ነው። ውሃው ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት ዲግሪ ካልሞላ እሳቱ ተጎተተበት ማለት ነው። ሕዝቅያስ ያለበት ውሃ እጅ ያደነዝዛል። ሂጂና እህል ቅመሺ፣ ተኚ።»

የምሥራች ፊቷ በራ። ሴቶቹን አመስግና ጾሙን አስቀረች፤ በላች፤ እንቅልፍም ወሰዳት።

አትፍረዱባቸው፤ ድስቱን ያን ዕለት አልፈጠሩትም። ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማሩበት ምሳሌ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ሆሳዕና የምትባል የሸኮ ልጅ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ ጎደሬ እኮ ከእሳት ከወረደም በኋላ በኮባ ቅጠል ከታፈነ መብሰሉን አይተውም» ብላቸው ነበር። «እዚህ ወጥ ቤት አይደለም፤ ተቀመጪ» አሏት፤ ክፍሉም ሳቀ። ገሠሠ የጎጃም ሰው ናቸው። ጎደሬ መብላቱን ለምደዋል እንጂ ሲበስል ቆመው አይተው አያውቁም።

በሁለተኛው ቀን ምሳ ላይ ቴሌቪዥኑ የነፋሱን መንገድ በካርታ አሳየ። ሞቃቱን ውሃ ትቶ ቀዝቃዛው ላይ ገብቷል፤ ጉልበቱ ቀንሷል፤ ግን አልሞተም። በፍጥነት ስለሚጓዝ ቀዝቃዛው ውሃ አድክሞ ሳይጨርሰው ጠረፉን ይመታል፣ ጠባዩን ቀይሮም ቢሆን ዛፍ መንቀል አያቅተውም አለ ባለሙያው። ገሠሠ ያነሡትን ጉርሻ መለሱት። ያቺ ልጅ እጇን እንዳወጣች ታየቻቸው። ትክክል ነበረች፤ እሳቸው ናቸው ያስቀመጧት።

ዝም ማለት ይችሉ ነበር። ነፋሱ አቅጣጫ ሊቀይር ይችላል፤ ሴትዮዋም ሰላም አግኝታለች። ግን የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ምሳቸውን ትተው ጫማቸውን አጠለቁ።

የምሥራች ደጃፏ ላይ የጎደሬውን ጭቃ እያራገፈች ለገበያ ትለያለች። ስታያቸው ፈገግ አለች፤ ከስድብ ይልቅ ያ ፈገግታ አመማቸው።

«ተሳስቻለሁ» አሉ እንደቆሙ። «ቀዝቃዛ ባሕር ያዳክመዋል እንጂ አያስቆመውም። እየመጣ ነው።»

እጇ ውስጥ የነበረውን ጎደሬ ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ሁለት ቀን» አለች በመጨረሻ። «ሁለት ቀን ሙሉ ለልጄ ሳልጸልይ አዋሉኝ፣ ጋሼ።»

እጇን ታጠበች።

«መቼ ነው የሚደርሰው?»

«በእኛ ነገ ጠዋት።»

«እንግዲያው ይምጡና ለሴቶቹ እርስዎ ይንገሯቸው። እኔ አፌ አይታዘዝልኝም።»

ገሠሠ ከኪዳነ ምሕረት ሌላ ለጸሎት የረገጡት ደጃፍ የለም። ያን ቀን ግን በወንጌላውያኑ የቆርቆሮ አዳራሽ ከአሥራ አንድ ሴቶች ፊት ቆመው መሳሳታቸውን ተናገሩ። የወቀሳቸው አልነበረም። ካሰች የተባለችው ትልቋ ሴት፣ «እኛ እንጾማለን፤ አንቺ በልተሽ ጸልዪ» ብላ የምሥራችን ገሠጸቻት፤ ለእሳቸውም አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቁላቸው። እነሱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲጸልዩ ገሠሠ የራሳቸውን አቡነ ዘበሰማያት በለሆሳስ እየደጋገሙ እስኪመሽ ተቀመጡ።

በማግስቱ ጠዋቱ ያለ ስልክ አለፈ። ከሰዓት በኋላ፣ ሁለቱም ደጃፏ ላይ እንደተቀመጡ፣ ስልኩ ጮኸ፤ ሕዝቅያስ ነበር። የምሥራች ሁለቱም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረገችው። የመርከቧ ገመዶች ተበጥሰዋል፣ የወደቡ መጋዘን ጣሪያው ሄዷል፤ ሕዝቅያስና ባልደረቦቹ ግን አስቀድመው ከተማ ውስጥ ወዳለ ትምህርት ቤት ተወስደው ስለነበር ደህና ናቸው። እናቱ አለቀሰች።

«እማዬ፣ ድንገት ሆኖብሽ ደነገጥሽ እንዴ? ጋሼ ገሠሠ አልነገሩሽም?» አለ ልጁ።

የምሥራች ቀና ብላ አየቻቸው። ገሠሠ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«ነግረውኛል» አለች። «ምሳቸውን ትተው መጥተው ነው ይደርሳል ያሉኝ።»

«አውቄ ነበር» አለ ሕዝቅያስ። «እሳቸው አይሳሳቱም።»

ስልኩን ዘረጋችላቸው። ተቀበሉ።

«ልጄ» አሉ፣ «እናትህ ጉዴን ሸፍናልኝ ነው።»